የማንነት ስም በዜና ውስጥ፦ መቼ ይጠራ? መቼስ ይቅር?

ጅንካን ወይም አሳይታን ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለ አሪም ሆነ ስለ አፋር ሕዝብ በአእምሮው የያዘው አንዳች ሥዕል አለ። ያን ሥዕል የሠሩለት በአብዛኛው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በእጁ የያዘው ስልክ ናቸው። መገናኛ ብዙኃን የሆነውን ነገር ከመንገር አልፈው ያላየነው ሰው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያስተምሩናል። ስለዚህ የሕዝቦችን ማንነት የሚያቀርቡበት መንገድ ለጋዜጠኞች ብቻ የሚተው የሙያ ጉዳይ አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በምን ዓይን እንደሚያይ የሚወስን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን እንጓዛለን፦ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ማኅበረሰብ የብሔር ስም በዜና ውስጥ መጠራት ያለበት መቼ ነው? መቅረት ያለበትስ መቼ ነው? ጥያቄውን የምንመረምረው ከምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ማለትም ከቦሌ፣ ከየካና ከሁለቱ ተከፍሎ ከተመሠረተው ከለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተነሥተን ነው።

ሁለት ሥዕሎችና የጎደለው ሦስተኛው

ምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ የሰፈረበት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ኋላ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ሲስፋፋ ቤቶቹ ለተመዝጋቢዎች የተላለፉት በዕጣ ነበር። በዕጣው ለሴቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ ድርሻ ቢመደብም ብሔር መስፈርት አልነበረም። በመሆኑም በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ፣ ውኃ ሲጠፋ ከአንድ ቦቴ ፊት ጀሪካን የሚያሰልፉ ቤተሰቦች ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከጉራጌ፣ ከትግራይ፣ ከጋሞና ከሐረርጌ የመጡ ሆነው ተገኙ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የአዲስ አበባ ነዋሪ መካከል 47 በመቶ ገደማ አማራ፣ 19.5 በመቶ ኦሮሞ፣ 16.3 በመቶ ጉራጌ፣ 6.2 በመቶ ትግራዊ፣ 2.9 በመቶ ስልጤ መሆኑን መዝግቧል። ከግማሽ በላይ የሆነ አንድም ብሔር አልተገኘም።

ይህ ተቀላቅሎ የሚኖር ሕዝብ በዜና ማሰራጫ ሲቀርብ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ሥዕሎች ብቻ ይታያል። የመጀመሪያው የመድረክ ሥዕል ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ሲከበር እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በባህል ልብሱና በጭፈራው ይቀርባል፤ «እንግዳ ተቀባይ»፣ «ሥራ ወዳድ» እየተባለም ይወደሳል። በባህል መታየት ክብር ነው፤ ሆኖም ሕዝብን በጭፈራው ብቻ ማወቅ ሰውን በሠርጉ ቀን ፎቶግራፍ ብቻ እንደ ማወቅ ነው። ሁለተኛው የግጭት ሥዕል ነው። ያው ማኅበረሰብ በሌላው ቀን ዜና ላይ ሲመጣ አፈናቃይ ወይም ተፈናቃይ፣ ገዳይ ወይም ሟች ሆኖ ይመጣል።

የጎደለው ሦስተኛው ሥዕል የዘወትር ኑሮ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲንር አስተያየት የምትጠየቀው እናት፣ በጤና ዝግጅት ላይ ስለ ስኳር ሕመም የሚያስረዳው ሐኪም፣ ስለ ፈተና የሚናገረው መምህር ከየትኛው ማኅበረሰብ ይመረጣሉ? በድራማና በቀልድ ዝግጅቶችስ የዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ አማርኛ ለምን ሁልጊዜ የሚያስቅ ዘዬ ይኖረዋል? ተመልካቹ ሳይነገረው የሚማረው ከእንዲህ ያለው ምርጫ ነው።

ችግሩ የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1959 ዓ.ም. ክረምት በጥቁር ሕዝቦች ሰፈሮች ሁከት ከተነሣ በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያቋቋሙት፣ በኢሊኖይ አገረ ገዥ በኦቶ ከርነር የተመራው ኮሚሽን በ1960 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዜና ማሰራጫዎች ሰጥቷል። ከወቀሳዎቹ አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ እንደ ማንኛውም የማኅበረሰቡ አባል በዘወትር ኑሮው ሳይዘገብ መቅረቱ ነበር። በሰላሙ ቀን ያልታየ ሕዝብ በሁከት ቀን ብቻ ሲታይ ሁከቱ ጠባዩ ይመስላል።

ከአንድ ድምፅ ወደ ብዙ ድምፆች

የሀገራችን የኅትመትና የብሮድካስት ታሪክ የጀመረው በዋናነት በአንድ ቋንቋ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ፣ በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው ብርሃንና ሰላም፣ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን የአማርኛ ጋዜጦች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥንም ለረጅም ጊዜ ዋና ቋንቋው አማርኛ ነበር። በዚያ ዘመን አያሌ ሕዝቦች በጋዜጣም ሆነ በመማሪያ መጽሐፍ ራሳቸውን በማይጠሩበት፣ አንዳንዴም በሚያዋርድ ስም ይጻፉ ነበር። ስለ እነርሱ የሚጻፍ ነበር፤ እነርሱ ራሳቸው የሚናገሩበት ገጽ ግን ጠባብ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኦሮምኛው በሪሳ ጋዜጣ፣ በመጀመሪያ በግእዝ ፊደል፣ መታተም ሲጀምር ለዚህ ጉድለት አንድ መልስ ሆነ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት እኩል ዕውቅና እንዲያገኙ ደነገገ። በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን ልዩ ልዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ መመራት እንዳለበት አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚያሰራጩ ጣቢያዎች በዝተዋል። ሰው በእናቱ ቋንቋ ዜና መስማቱ ትልቅ በረከት ነው።

ይሁን እንጂ አዲስ ፈተናም መጣ። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሁለተኛው ፎቅ ያለው ቤተሰብ አንድ ጣቢያ ይከፍታል፤ በአራተኛው ፎቅ ያለው ሌላ ይከፍታል። ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ቦታ፣ ስለ አንድ ድርጊት ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይሰማሉ። በአንዱ ተበዳይ የሆነው በሌላው በዳይ ነው። በማግሥቱ በደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታው አይቀርም፤ ነገር ግን ሁለቱም ያልተናገሩት ነገር በመካከላቸው አለ። የድምፆች መብዛት ብቻውን መደማመጥን አያመጣም። አንዱ ሌላውን በምን ስም እንደሚጠራው መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ የቦሌ ምሳሌ

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር በአዲስ አበባ በተጋጠመበት ዕለት፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የጸጥታ አካላት ሟቾቹ የሶማሊያ ዜጎች መሆናቸውንና ፈንጂውን ያዘጋጁት በኳስ ተመልካቾች ላይ ጥቃት ለማድረስ እንደ ነበር አስታወቁ።

በዚህ ዜና የሟቾቹን ዜግነት መግለጽ ተገቢ ነበርን? አዎን። ምርመራው ከሀገር ውጭ ወደሚንቀሳቀስ የታጠቀ ድርጅት የሚያመራ በመሆኑ ዜግነታቸው የነገሩ አካል ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። በአማርኛችን «ሶማሊያዊ» እና «ሶማሌ» የሚሉት ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በትርጉም ግን ይራራቃሉ። ሶማሊያዊ የጎረቤት ሀገር ዜጋ ነው። ሶማሌ ደግሞ የጅግጅጋው፣ የጎዴው፣ የቀብሪደሃሩ ኢትዮጵያዊ ወገናችን ብሔር መጠሪያም ነው። በተለምዶ ንግግር ሀገሩንም ሕዝቡንም «ሱማሌ» ብለን ስለምንጠራ አዘጋጁ አንድ ቃል ሳይለይ ሲቀር ሁለት ሰዎች ያደረጉት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስም ሊጻፍ ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ብዙ የሶማሌ ተወላጆችና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ይነግዳሉ፤ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። በዜና ውስጥ አንድ ቃል ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው አጥፊው ላይሆን ይችላል። ቤት ሊከራይ ሄዶ «የለም» የሚባለው ወጣት፣ በታክሲ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት እናት፣ በክፍል ውስጥ ቅጽል ስም የሚወጣለት ተማሪ ይከፍሉታል።

ዝምታም ሊያሳስት ይችላል

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ብሔር ጨርሶ አይጠራ» ብንል ሌላ ስሕተት ውስጥ እንገባለን። በሀገራችን ሰዎች በማንነታቸው ብቻ ተለይተው የተገደሉባቸውና የተፈናቀሉባቸው ክፉ ቀናት አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዘገባው «ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች በነዋሪዎች ላይ ጉዳት አደረሱ» ብሎ ቢያልፍ ከድርጊቱ ዋናውን እውነት አወጣው ማለት ነው። ሰዎቹ የሞቱበትን ምክንያት ዜናው ይደብቃል። የሟች ቤተሰብም ኀዘኑ ሳይታወቅለት ይቀራል። የተደበቀ እውነት ደግሞ በወሬ መልክ፣ ተጋንኖና ተመርዞ ይመለሳል።

በአንጻሩ በገበያ የተጣሉ ሁለት ነጋዴዎች፣ በመሬት ድንበር የተካሰሱ ሁለት ገበሬዎች፣ በመኪና አደጋ የተጋጩ ሁለት ሹፌሮች የተለያየ ብሔር ተወላጆች ስለ ሆኑ ብቻ ጠባቸው «የብሔር ግጭት» ተብሎ ሲዘገብ ያልነበረ ጠብ ይፈጠራል። ስለዚህ መመዘኛው አንድ ነው፦ ማንነቱ ለድርጊቱ ምክንያት ሆኗልን? ይህስ ተጣርቷልን? ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ከሆነ ስሙ ይጠራ፤ ያለዚያ ይቅር። ስሙ ሲጠራም ድርጊቱ የፈጸሙት ሰዎች ወይም የፈጸመው ቡድን መሆኑ ይገለጽ። ሕዝብ አይገድልም፤ የሚገድለው ስም፣ አዛዥና ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው።

ከደጉ ሳምራዊ የምንማረው

ይህን መመዘኛ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በምናውቀው በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ብንፈትነው አስተዋይ ምሳሌ እናገኛለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የተደበደበው መንገደኛ «ከየትኛው ወገን ነው?» ብንል አድማጩ ሊገምት ቢችልም ታሪኩ አይነግረንም። የደበደቡት ወንበዴዎችም ወገን አልተጠቀሰም። አይተውት ያለፉት ሁለቱ በአገልግሎታቸው ተጠርተዋል፤ ምክንያቱም ወቀሳው ከኃላፊነታቸው ጋር የተያያዘ ነው። የወገኑ ስም የተጠራለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም ቁስሉን ያሰረለት። ያም ስም የተጠራው አድማጮቹ ስለ ሳምራውያን የነበራቸውን ግምት የሚያፈርስ ስለ ነበረ ነው።

የዛሬው ዜና ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። የወንበዴውን ብሔር ይጠራል፤ ጎረቤቱን በቤቱ ደብቆ ያተረፈውን ሰው ግን «አንድ ነዋሪ» ብሎ ያልፈዋል። በግጭት ቦታዎች ሁሉ የሌላ ብሔር ጎረቤታቸውን የደበቁ፣ ያበሉ፣ በሌሊት ያሸሹ ሰዎች አሉ። የእነርሱን ደኅንነት ጠብቆ ታሪካቸውን መንገር ለእርቅ ከሚደረጉ ብዙ ስብሰባዎች ይልቅ ይጠቅማል።

በታክሲ የምንሰማው ስም

በቦሌ «ሩዋንዳ» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የሩዋንዳ ኤምባሲ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች በየዕለቱ ይጠሩታል። ስሙ ሲጠራ ልናስበው የሚገባ ታሪክም አለ። በሩዋንዳ አርቴኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ሥርጭቱን በ1985 ዓ.ም. ክረምት ሲጀምር ወጣቶች የወደዱት ለሙዚቃውና ለጨዋታው ነበር። በጨዋታው መካከል ግን ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ያው ሬዲዮ የሚታደኑ ሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ እስከ ማስታወቅ ደረሰ። በኅዳር 1996 ዓ.ም. በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ሁለት የሬዲዮውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ ብሏል። ብዕርና ማይክሮፎን በዘር ማጥፋት ወንጀል ሊያስጠይቁ እንደሚችሉ ዓለም ያየበት ፍርድ ነው።

በሀገራችን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲሆን በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ወይም ከተሞከረ ይከብዳል። ለዜና ዘገባ፣ ለጥናት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት ግን ቦታ ይተዋል። ሕጉ አስፈላጊ ነው፤ የሚደርሰው ግን ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ሲዘጋ የሚያነሣሣውም የሚያረጋጋውም ድምፅ አብሮ ይዘጋል፤ ልጁ በሰላም መድረሱን ለመስማት የሚሻ ወላጅም ይቸገራል። ከሕግና ከመዝጋት በፊት መቅደም ያለበት የጸሐፊውና የአንባቢው ጥንቃቄ ነው።

ይህ ለእኛ አገልግሎት ምን ማለት ነው?

እኛ በልማትና በተራድኦ አገልግሎት ያለን ሠራተኞች ጋዜጠኞች አይደለንም እንል ይሆናል። ነገር ግን ሪፖርት እንጽፋለን፤ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ ስለ ተረጂዎችና ስለ ስደተኞች ለለጋሾችና ለምእመናን እንናገራለን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የመሐመድ አሚንና የማይክል በርክ የቢቢሲ ዘገባ የዓለምን ልብ አነሣሥቶ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ከዚያ በኋላ ግን «ኢትዮጵያዊ» ሲባል ለብዙ ዓመታት የተራበ ሕፃን ብቻ የታያቸው የውጭ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በአንድ ሥዕል መታወቅ ምን እንደሚያሳምም እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። ስለዚህ የአንዱን ክልል ሕዝብ በእጅ ዘርጊነት ብቻ፣ ሌላውን በሰጪነት ብቻ የሚያሳይ ገጽ እንዳናወጣ ይህ ሕመም ሊያስተምረን ይገባል። የእርዳታ ዜና አንዱን ማኅበረሰብ ጠርቶ በዚያው ቀበሌ አብሮ የተጎዳውን ሌላ ሲዘል፣ ለመፈወስ የሄደው እህል የቅሬታ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ማንኛውንም ዘገባ ከማውጣታችን ወይም የደረሰንን ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

1. የብሔሩ ስም ቢወጣ ዜናው ምን ይጎድለዋል? ምንም የማይጎድለው ከሆነ ይውጣ።
2. ማኅበረሰቡ ራሱን በሚጠራበት ስም ጠርተነዋልን?
3. የተባለው በሁለት እርስ በርስ በማይገናኙ ምንጮች ተረጋግጧልን? ፎቶግራፉ የዚያ ቀንና የዚያ ቦታ ነውን?
4. ስለ እነርሱ የተጻፈላቸው ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋልን? በቋንቋቸው የተናገሩትስ በትክክል ተተርጉሟልን?
5. ይህን ጽሑፍ በአንድ ደረጃ ከምንወጣው የሌላ ብሔር ጎረቤታችን ፊት ጮክ ብለን ልናነበው እንችላለን?

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ቀላልም ከሁሉ ከባድም ነው። ስለ ጎረቤታችን ያለውን እውነት ከመናገር አያግደንም፤ በፊቱ ልንቆምበት በምንችል ቃል እንድንናገረው ግን ያስገድደናል።

ለውይይት

በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በዕድርና በጽዋ ማኅበር ለምትሰባሰቡ አንባብያን የሚከተሉትን የውይይት ነጥቦች እናቀርባለን።

• ባለፈው ሳምንት ከሰማችኋቸው ዜናዎች የብሔር ስም የተጠራባቸውን ሦስት አስታውሱ። በየትኛው ስሙ ነገሩን አብራራ? በየትኛውስ ያለ ምክንያት ተጨመረ?
• ከመካከላችሁ በሌላ ቋንቋ የሚተላለፍ ዜና የሚሰማ ካለ ስለ አንድ ድርጊት የሰማውን ይንገራችሁ። እናንተ ከሰማችሁት የሚለየው በምንድን ነው?
• በአካባቢያችሁ በክፉ ቀን ለሌላ ብሔር ጎረቤቱ የደረሰ ሰው ታውቃላችሁን? ታሪኩ እርሱንም ጎረቤቱንም ለአደጋ በማያጋልጥ መንገድ እንዴት ሊነገር ይችላል?

በዚህ ጉዳይ የምንጽፈው ብዙ ነው፤ የምናስተላልፈው ደግሞ ከምንጽፈው ይበልጣል። አንድ መልእክት በስልካችን ደርሶን ወደ ሌላ ከመላካችን በፊት ያለችው አጭር ጊዜ የሁላችንም የአዘጋጅነት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት የሚጠራው ስም የማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ተጠራም እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።